የቆሎ መጠቅለያና የዴንቨር ሌሊት

ወንድሜ፣ ለጤናህ እንዴት ነህ?

ሦስት ዓመት ሙሉ ጠፍቼ ዛሬ "ለጤናህ እንዴት ነህ" ማለቴ ያሳፍራል፤ አውቃለሁ። አባትህ ያረፉ ጊዜ መደወል ነበረብኝ። ነገ እደውላለሁ ስል ወሩ አለቀ፣ ከዚያ ይሄን ያህል ዘግይቼ ምን ብዬ ልደውል ብዬ አፈርኩ፣ እፍረቱም ይኸው ዓመታት ቆጠረ። ይቅር በለኝ። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን።

አሁን ዴንቨር መሀል ከተማ አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ የሌሊት ጥበቃ ነኝ። ከሰባት ሰዓት በኋላ ዝር የሚል የለም። ምን እንደምሠራ ታውቃለህ? የድሮ ጋዜጣ አነባለሁ። ደሴ እያለን ስኳርና ቆሎ የተጠቀለለበትን አዲስ ዘመን ዘርግተን ስናነብ ትዝ ይልሃል? ሁሌ ወሬው ሲጥም ወረቀቱ ያልቃል። የቀረውን አንተ ከሆድህ ትጨርሰው ነበር፣ ያውም ያለ ምንም ሀፍረት! እዚህ የኮሎራዶን አሮጌ ጋዜጦች ሳይቀደዱ፣ በስልክ፣ በነጻ ታነባቸዋለህ።

የከተማዋ የመጀመሪያ ጋዜጣ ሮኪ ማውንቴን ኒውስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1859 ወርቅ አለ ተብሎ ሰው ወደዚህ ሲጎርፍ፣ ዊልያም ባየርስ የሚባል ሰው የማተሚያ መኪና በጋሪ ጭኖ ከኦማሃ መጣ። ሲደርስ ለካ ሌላም አሳታሚ አለ። ማን ይቅደም ብለው ሌሊቱን ተሽቀዳድመው ባየርስ በ20 ደቂቃ ገደማ ቀደመ። ጋዜጣው ላይ የታተመው ቀን ኤፕሪል 23 ነው፤ ይቺን ቀን ያዝልኝ። ተሸናፊው አንድ እትም ብቻ አውጥቶ ዘጋ።

ከዚያ ባየርስ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ግራና ቀኝ ሁለት የሚቀናኑ መንደሮች ነበሩ፣ ዴንቨርና ኦራሪያ። ለአንዱ ያደላ እንዳይመስል ቢሮውን በቼሪ ክሪክ ወንዝ መሀል፣ በእንጨት ምሰሶ ላይ ሠራው! ወንዙ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ማንም አልፈራውም። ቦርከና ሲሞላ ላየን ለኔና ላንተ ይሄ እብደት ነው። በ1864 ሜይ ላይ ደራሽ ውሃ መጥቶ ቢሮውንም መኪናውንም ጠራርጎ ወሰደ። ወንዙ ዛሬም አለ፣ ስታየው ድመት የሚያሰጥም አይመስልም።

እስከዚህ እየሳቅኩ ነበር የማነበው። የዚያኑ ዓመት መጨረሻ ላይ ስደርስ ሳቄ ጠፋ። ኖቬምበር 29 ላይ ኮሎኔል ጆን ቺቪንግተን ወታደሮቹን ይዞ ሳንድ ክሪክ የሰፈሩትን፣ የአሜሪካ ነባር ተወላጆች የሆኑትን የቼየንና የአራፓሆ ሰዎች ጎህ ሲቀድ ወረራቸው። ሰዎቹ ሰላም ፈልገው የሰፈሩ ናቸው፤ አለቃቸው ብላክ ኬትል የአሜሪካን ባንዲራ ሰቅሎ ነበር። 230 ያህል ሰው አለቀ፣ አብዛኛው ሴት፣ ሕፃንና ሽማግሌ። ጋዜጣውስ? ድንቅ ጀብዱ ነው ብሎ ጻፈ። ወታደሮቹ ከሟቾቹ ራስ ላይ ከነጸጉሩ ገፈው ያመጡትን ቆዳ ደግሞ፣ ከተማው ውስጥ እንደ ግብጽ ጓጉንቸር በዝቷል እያለ ቀለደበት። ኦሪት ጠቅሶ!

እውነቱ የወጣው በደብዳቤ ነው። ሻምበል ሳይላስ ሱል እዚያው ነበር፤ የራሱን ወታደሮች እንዳትተኩሱ ብሎ ያዛቸው። በዲሴምበር ለቀድሞ አዛዡ ለሻለቃ ዋይንኩፕ ያየውን ሁሉ ጻፈ፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው ስለተገደሉት ሕፃናት ሳይቀር። በኋላም መርማሪዎች ፊት ቀርቦ መሰከረ። ኤፕሪል 1 ቀን 1865 አገባ። ሦስት ሳምንት እንዳለፈው፣ ሌሊት የከተማ ጥበቃ ላይ ሳለ ተኩስ ሰምቶ ሲሄድ መንገድ ላይ ገደሉት። ዕድሜው 26 ነበር። ቀኑ ኤፕሪል 23 ነው፣ ጋዜጣው በተወለደ ልክ በስድስት ዓመቱ። አጋጣሚ ነው፣ ግን ገርሞኝ ደጋግሜ ቆጠርኩት።

የደብዳቤዎቹ ቅጂ እንደገና ብቅ ያለው በ2000 ነው፤ በዚያው ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት ሳንድ ክሪክ ታሪካዊ ስፍራ ሆኖ እንዲጠበቅ ወሰነ። ጋዜጣው ደግሞ በ2009 ተዘጋ፣ 150 ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር እንኳን ሳይቀረው።

ሱል ለተገደለበት ቦታ መታሰቢያ የተደረገች ጽሑፍ አለች፤ ሳላያት ስንት ጊዜ አልፌያታለሁ። ቆማ ያለችበት መንገድ ስሙ ምን መሰለህ? አራፓሆ። ሰዎቹን ገደሏቸው፣ ስማቸው ግን መንገድ ላይ ቀረ።

ይሄን ሁሉ የምዘበዝበው ከማን ጋር ላውራው ብዬ ነው። እዚህ ያሉት የኛ ልጆች ሁለት ሥራ ይዘው ይሯሯጣሉ፣ የሳንድ ክሪክን ወሬ ስጀምር ሰዓታቸውን ያያሉ። አንተ ብትሆን እኮ ጥያቄ በጥያቄ ታደርገኝ ነበር።

የእናትህን ጉልበት ሳምልኝ። የሚቆጡኝ ከሆነም ስልኩን ስጣቸውና ይቆጡኝ፣ ይገባኛል። ቁጥሬ አልተቀየረም። የኔ ሌሊት ያንተ ቀን ስለሆነ፣ ቁርስህን በልተህ ስትጨርስ ደውልልኝ፤ አልተኛሁም።