ጊታሩን የመታው ማን ነው?

ለአዘጋጁ፦

በሳምፕል፣ ማለትም ከሌላ ዘፈን ቅጂ ቁራጭ ተወስዶ፣ ስለተሠሩ የራፕ ዘፈኖች ያወጣችሁት ጽሑፍ የራፐሩን የፐፍ ዳዲን «አይል ቢ ሚሲንግ ዩ» የሰነፍ ሥራ ብሎ አልፎታል። ፍርዱ ግማሽ ነው። ዘፈኑ በ1997 (እ.ኤ.አ.) ለተገደለው ራፐር ለኖቶሪየስ ቢ.አይ.ጂ. የወጣ ሙሾ ነው። አዝማቹን የምትዘፍነው ፌዝ ኢቫንስም ባለቤቱ ነበረች። ለሙሾ ሰው የሚያውቀውን ዜማ መያዝ ነውር የለውም፤ አብሮ ለማልቀስ ያመቻል።

መነቀፍ ያለበት ሌላ ነገር ነው። መሠረቱ «ፖሊስ» የተባለው ባንድ በ1983 ያወጣው «ኤቭሪ ብሬዝ ዩ ቴክ» የተባለ ዘፈን ነው። ቀድሞ ፈቃድ አልተጠየቀም። በኋላ የደራሲነቱ ገንዘብ በደራሲነት ወደተመዘገበው የባንዱ ዘፋኝ ወደ ስቲንግ ሄደ። ከዳር እስከ ዳር የሚሽከረከረው ግን የባንዱ ጊታር ተጫዋች የአንዲ ሰመርስ ጊታር ነው። ያን ክር በክር የሚነቀል አመታት ያመጣው እሱ ነው፤ ደራሲ ተብሎ ግን አልተመዘገበም። ተቺዎቹ ሰረቀ፣ አልሰረቀም ሲባባሉ ይህችን ዘለሏት። ለእኛም ሩቅ አይደለም፦ ራፐሩ ናስና የሬጌ ዘፋኙ ዴሚያን ማርሊ በ2010 የሙላቱ አስታጥቄን «የግሌ ትዝታ» ሳምፕል አድርገዋል።

ስለዚህ የሙዚቃ ዓምዳችሁ እንዲህ ያለ ዘፈን ሲገመግም የመነሻውን ዘፈን፣ የተጫወተውን ሰውና በደራሲነት የተመዘገበውን ለየብቻ ከግርጌ ያስፍር።

አንድ አንባቢ