በጥምቀት ሰሞን ወረቀት ይዛችሁ አትምጡ

ጎንደር፣ ታኅሣሥ 20 ቀን

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። አባትሽን ጉልበቱን ትንሽ ያመዋል፤ ሌላው እንደተውሽው ነው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጥር 11 ቀን ከመዘምራኑ ጋር መጥታችሁ በፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ዙሪያ ስለ አድቬንቲስት እምነታችን የሚናገር ወረቀት ልታድሉ ማሰባችሁን ሳነብ መነጽሬን አወለቅሁ። ልጄ፣ ይቅርባችሁ።

«የጎንደር ሰው በየዓመቱ ይጠመቃል» ብለሻል። ማን እንዲህ አለሽ? ኦርቶዶክሳውያንም ጥምቀት አንዲት ናት ብለው ነው የሚያምኑት። ወንዱን በ40 ቀኑ፣ ሴቷን በ80 ቀኗ ያጠምቃሉ። ጥር 11 የሚረጨው ውኃ ጌታ በዮርዳኖስ የመጠመቁ መታሰቢያና በረከት ነው እንጂ ዳግመኛ ጥምቀት አይደለም። እኛ አድቬንቲስቶች የምንለየው ሕፃን ባለማጥመቃችን ነው፤ አምኖ የወሰነውን ሰው ውኃ ውስጥ አጥልቀን እናጠምቃለን። ይህን ሳትለዪ ብትመጪ የመጀመሪያው ያገኘሽ ዲያቆን ያሳፍርሻል።

እኔም በአንቺ ዕድሜ እንዲሁ ነበርሁ። በተጠመቅሁ ዓመት፣ እማማ ለምትያቸው ጎረቤታችን «ሰንበት ቅዳሜ ነው» ብዬ ዘፀአት 20ን እየጠቀስሁ ረጅም ሰዓት ለፈለፍሁ። እሳቸው ረከቦቱን እያሰናዱ ሰሙኝና፣ «ቅዳሜማ ቀዳሚት ሰንበት አይደለች እንዴ! ከቀዳም ሥዑር በቀር መች ይጾምባታል?» አሉኝ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ፣ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ማጽናታቸውን ያወቅሁት ከዚያ ወዲያ ነው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን አሜሪካ ውስጥ የተደራጀችው ገና በ1863 እ.ኤ.አ. ነው! እርግጥ እሳቸው እሑድንም ያከብራሉ፤ እኛ ከዓርብ ጀምበር መጥለቂያ እስከ ቅዳሜ ጀምበር መጥለቂያ ብቻ። ልዩነቱን አልሸፋፍነውም።

ያን ቀን ቡናቸውን አልጠጣሁም። ቤተ ክርስቲያናችን ቡና እንደማትመክር ስነግራቸው ዝም አሉ፤ የተቀየሙ መሰለኝ። በሳምንቱ ስመለስ ምጣዱ ላይ ገብስ ይቆላል። ጥቁር እስኪል አምሰው፣ ወቅጠው፣ በሌላ ጀበና ለብቻዬ አፈሉልኝ። ያቺ አንገቷ የተሸረፈ ጀበና እስከ ዛሬ የእኔ ናት።

መምጣቱን ግን አልከለክልሽም። ሚስዮኖቻችን ደብረ ታቦር ላይ ሆስፒታል ነበራቸው፤ አዲስ አበባ ያለው ዘውዲቱ ሆስፒታልም ደርግ እስኪወርሰው ድረስ የቤተ ክርስቲያናችን ነበር። አንቺም ነርስነት ተምረሻል። በዓሉ ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ የደም ግፊት መለኪያ ይዛችሁ ኑ። ስለ ጌታ ዳግም ምጽአት የጠየቃችሁ ሰው ካለ በደስታ ንገሩት። ሙታን እስከ ትንሣኤ ያንቀላፋሉ የሚለውን ትምህርታችንን ግን ሰው ተዝካር በሚያወጣበት ቤት እንዳታነሺው አደራ።

የመለኪያውን ባትሪም አትርሺ። ባለፈው ጊዜ እማማ ክንዳቸውን እንደዘረጉ ቀርተው ነበር።

እናትሽ