በመርከቡ ላይ ለነበራችሁ ሁሉ፤ ከእኔና ከእናቴ

ይህ የምስጋና ደብዳቤ ነው። የብዙዎቻችሁን ስም አላውቅም። የማውቃቸውንም ሳላስፈቅድ እዚህ መጻፍ አልፈለግሁም። ስታነቡት ግን ማን እንደሆናችሁ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ባሕር ማየት ትመኝ ነበር። ጉልበቷ ሳይብስባት አንዴ አብረን እንሂድ ብለን ለዓመታት ቆጠብን። በመጨረሻ የሰባት ሌሊት የካሪቢያን ክሩዝ፣ ማለትም የመርከብ ሽርሽር፣ ያዝን። ከማያሚ ተነስቶ ጃማይካን፣ ግራንድ ካይማንንና የሜክሲኮዋን ኮዙሜልን አዳርሶ የሚመለስ።

አጀማመሩ እንዳሰብነው አልሆነም። ማያሚ አውሮፕላን ማረፊያ የሁሉም ሰው ሻንጣ ተነስቶ አለቀ፤ የእኛ የለም። "ይደርሳችኋል" ተባልን። መርከብ ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም። በለበስነው ልብስና በአንድ የእጅ ቦርሳ ተሳፈርን። የማቅለሽለሽ መድኃኒታችን፣ የእማዬ የጉልበት ቅባት፣ ስንት ቀን የመረጥናቸው ቀሚሶች፣ ሁሉም እዚያ ሻንጣ ውስጥ ቀሩ። እኔ እንባዬ መጣ። እሷ ግን ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ "ሻንጣው ነው እንጂ እኛ አልጠፋንም" አለችኝ። ያን ሳምንት ይዞን የዞረው ይህ አነጋገሯ ነው።

መጀመሪያ የማመሰግነው እርስዎን ነው፣ ባለ ቢጫው ቀሚስ እናቴ። መርከቡ ከመነሳቱ በፊት የአደጋ ጊዜ ልምምድ ነበር። ሁሉም ሰው በተመደበበት ቦታ ተሰብስቦ የማስጠንቀቂያውን ድምፅ ይሰማል፤ ሰባት አጫጭር፣ ከዚያ አንድ ረጅም። እማዬ ልምምድ መሆኑን ብነግራትም ድምፁ ሲመጣ ክው አለች። እርስዎ አጠገቧ ቆመው ነበር። ቋንቋ ለቋንቋ አትግባቡም። እጇን ያዝ አደረጉና ድምፁ እስኪያልቅ በጣትዎ አብረዋት ቆጠሩ። ስምንተኛው ላይ ሁለታችሁም ሳቃችሁ። በኋላ የሻንጣውን ነገር ሲሰሙ፣ ማታ በራችንን አንኳኩተው ያንን ቀሚስ በእጇ አስቀመጡላት። ልኳ ነበር።

ሁለተኛው ሌሊት ከባዱ ነበር። መርከቡ በኩባና በሄይቲ መካከል ባለው በዊንድዋርድ ፓሴጅ በኩል ያልፋል። ነፋስ ነበረ። የእኛ ክፍል ደግሞ ላይኛው ፎቅ ላይ፣ ከመርከቡ አፍንጫ አጠገብ ነው። ክፍሉን ስመርጥ ይህን አላሰብኩትም። መርከብ በማዕበል ላይ ሲሄድ ጫፍና ጫፉ ነው የሚነሳው የሚወድቀው፤ መሃሉ ብዙም አይናወጥም። እኛ ጫፉ ላይ ተኝተን በየደቂቃው ሆዳችን ወደ ጉሮሯችን ሲመጣ አደርን። መድኃኒቱ የለም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እማዬ የሽንት ቤቱን ጠርዝ ይዛ ተንበርክካለች፤ እኔ ጀርባዋን እያሸሁ ራሴም እየተናነቀኝ ነው።

ወንድሜ፣ የክፍላችን ተንከባካቢ፣ የሥራ ሰዓትህ አልነበረም። ስልኩን ያነሳው ሰው ቀስቅሶህ ይሁን በራስህ ሰምተህ እስካሁን አላወቅሁም። ብቻ መጣህ። አረንጓዴ ፖምና ደረቅ ብስኩት ይዘህ መጣህ። ከዚያ እማዬን ደግፈህ ታችኛው ፎቅ፣ መሃል ላይ ካለው ሰፊ አዳራሽ ወሰድከን። ሶፋ ላይ አስተኛሃት፤ ብርድ ልብስ አለበስካት። እዚያ እውነትም መርከቡ የቆመ ያህል ነበር። እስክትተኛ ድረስ ከአጠገባችን አልሄድክም። በማግስቱ ግን እንደ ማንኛውም ቀን ክፍላችንን ስታጸዳ አገኘንህ።

እህቴ ነርሷ፣ አንቺንም አልረሳሁሽም። ክኒኑን ስትሰጪን "ውሃ ውሰዱበት" ብለሽ ብቻ አልሸኘሽንም። ቁጭ ብለሽ አስረዳሽን። ክፍል ውስጥ ተዘግተን ስንቀመጥ ጆሯችን "እየተንቀሳቀስን ነው" ይላል፤ ዓይናችን የቆመ ግድግዳ እያየ "የለም፣ ቆመናል" ይላል። ሕመሙ የሚመጣው ከዚህ አለመስማማት ነው። ስለዚህ ውጡ፣ ባሕርና ሰማይ የሚገናኙበትን መስመር ተመልከቱ አልሽን። ወጣን። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የእማዬ ፊት ቀለሙ ተመለሰ። ዕድሜዋን ሙሉ የተመኘችውን ባሕር በሰላም ያየችው ያኔ ነው፤ በሐኪም ትእዛዝ።

አሁን ስለ ጃማይካ ላውራ፤ ሌላውን ባሳጥር እንኳ ይህን አላሳጥረውም።

ኦቾ ሪዮስ በምትባለው የወደብ ከተማ ወርደን ወደ ደንስ ሪቨር ፏፏቴ ሄድን። 180 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ደረጃ ደረጃ የሆነ ፏፏቴ ነው፤ ውሃው ወርዶ ወርዶ በቀጥታ ባሕር ውስጥ ይገባል። ሰው ከባሕሩ ዳር ተነስቶ በውሃው ውስጥ ወደ ላይ ይወጣዋል። ውሃው የሚሸከመው ማዕድን እየተጋገረ ድንጋዩን ራሱን ስለሚሠራው፣ አለቱ ክብ ክብ ያለ፣ ሰው ያነጠፈው ይመስላል። የሚወጣውም ለብቻ አይደለም። የማይተዋወቁ ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደ ሰንሰለት ይሆናሉ፤ ከፊት አስጎብኚው ይመራል።

እኔ እማዬ በጎን ባለው ደረጃ ወጥታ ከላይ እንድትጠብቀን ነበር ሐሳቤ። እሷ ግን ጫማዋን አስተካክላ ውሃው ዳር ቆማለች። አስጎብኚው ወንድሜ፣ አንተ ጉልበቷን አየህ፣ ፊቷን አየህ። "አይሆንም" አላልካትም። "እስከ መጀመሪያው መውጫ ብቻ፤ ከዚያ ትወስናለች" አልክ። ከራስህ ቀጥሎ አቆምካት። በሌላው እጇ አንድ ረጅም ወጣት ያዛት። ከዚያ ወዲያ ሰንሰለቱ ሁሉ በእሷ ፍጥነት ሆነ። ሃያ የምንሆን ሰዎች! ማንም አልተነጫነጨም። አንተ እግርህን የምታሳርፍበትን ድንጋይ በጣትህ እያሳየህ፣ እሷም እዚያው እያሳረፈች። ቀዝቃዛው ውሃ ጉልበቷን ሲመታው ስትጮህ፣ ከኋላ ያሉት ሁሉ አብረዋት ይጮሃሉ። መጀመሪያው መውጫ ጋ ደርሰን "ይበቃል?" ስትላት ራሷን ነቀነቀች፤ አልበቃትም። ሁለተኛው መውጫ ላይ ነው የወጣችው። እኛ በውሃው፣ እሷ በደረጃው ቀጥለን ጫፍ ላይ ስንገናኝ፣ ያ ሁሉ የማላውቀው ሰው አጨበጨበላት። ረጅሙ ወጣት፣ እጇን አንዴም አለቀቅክም። እናትህ ይህን ብታነብ ደስ ይላታል።

በማግስቱ ግራንድ ካይማን ነበር ተራው። እኔ በተለይ እሱን ነበር የጠበቅሁት። እ.ኤ.አ. በ1503 ኮሎምበስ በዚያ አካባቢ ሲያልፍ ከኤሊዎቹ ብዛት የተነሳ ደሴቶቹን በኤሊ ስም እንደጠራቸው፣ ስቲንግሬይ የሚባሉት ጠፍጣፋ ዓሦች በሰው እግር መካከል እንደሚዋኙ አንብቤ አንብቤ ጨርሻለሁ። እዚያ ትልቅ መርከብ የሚጠጋበት ወደብ የለም። መርከቡ ራቅ ብሎ ይቆምና ሰው በትናንሽ ጀልባዎች ነው የሚወርደው። ጠዋት ካፒቴኑ ራሳቸው በድምፅ ማጉያ ተናገሩ። ማዕበሉ ጀልባዎቹን ከመርከቡ ጎን እያላተመ ስለሆነ ማንንም አላወርድም አሉ። ደሴቷ እዚያ ትታየናለች፤ ቤቶቿ ሁሉ ይቆጠራሉ። ዞረን ሄድን።

ካፒቴን፣ በዚያ ጠዋት ብዙ ማጉረምረም ነበር፤ የእኔም አለበት። አሁን ግን በሙሉ ልቤ አመሰግንዎታለሁ። ማዕበሉ ላይ በምትዘል ጀልባ እናቴ በዚያ ጉልበቷ ስትሻገር ሳስበው ይዘገንነኛል። እርስዎ ያሰቡት እሷንና እሷን መሰሎችን ነበር።

እኔ ቀኑን ሙሉ ላኮርፍ ነበር። እማዬ "ባሕሩ እንደሆነ የትም አልሄደ" ብላ ጎትታ አወጣችኝ። በረንዳው ላይ ቆምን። ከመርከቡ ጎን የባሕር ወፎች ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ ከእኛ እኩል ይንሳፈፋሉ። ለምን እንደሚከተሉን ያሳዩን ከአጠገባችን የነበሩት አዛውንት ባልና ሚስት ናቸው። መርከቡ ውሃውን ሲሰነጥቅ በራሪ ዓሦች ይደነግጡና እንደ ብር ሳንቲም ብልጭ እያሉ ከውሃው በላይ ይበራሉ። ወፉ ያንን ነው የሚጠብቀው። ክንፉን ይሰበስብና እንደ ድንጋይ ይወድቃል። አንዳንዴ ያገኛል፣ ብዙ ጊዜ ይስታል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆመን አየን። ባልየው ያዋሱንን የሩቅ ማያ መነጽር አንዴም መልሰው አልጠየቁንም። ዓሣው ሲያመልጥ እማዬ ታጨበጭባለች፤ ሚስትየው ደግሞ ወፉ ሲያገኝ ታጨበጭባለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እራት የምንበላው አብረን ሆነ። ሁለታችሁንም ፈጣሪ ዕድሜ ይስጣችሁ።

ኮዙሜል ላይ ባሕሩ ፀጥ አለ። ሻንጣችንም እዚያው ወደብ ላይ ቆሞ አገኘነው። እማዬ ዋና አትችልም፤ ግን ወለሉ መስታወት በሆነ ጀልባ ከዓለም ትላልቆቹ አንዱ የሆነውን የኮራል ሪፍ፣ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሠሩትን የባሕር ውስጥ አለት፣ ከላዩ ሆና አየችው። መስታወቱ ላይ ተደፍታ "ይኼ ሁሉ ከታች ነበር?" ስትል ሰማኋት።

ወንድሜ፣ የክፍላችን ተንከባካቢ፣ ወደ አንተ ልመለስ። በየማታው ከፎጣ አጥፈህ የምትተውልንን እንስሳ እማዬ ማፍረስ ስለማይሆንላት ሶፋው ላይ ደረደረቻቸው። ዝሆኑ፣ ዝንጀሮው፣ ዳክዬው። ፎጣ ሲያጥርብህ እንኳ አላፈረስካቸውም፤ ሌላ አመጣህ። ልጅህን ካየህ ሰባት ወር እንደሆነህ የነገርከን በመጨረሻው ቀን ነው። ለእኛ የሳቅንበት ሳምንት ላንተ ከልጅህ የራቅህበት ሳምንት ነበር። ይህን ሳውቅ ያ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሌላ ሆነብኝ። በሰላም ቤትህ ግባ።

አሁን የቀረኝ አንድ ጉዳይ ነው፤ እርስዎን የሚመለከት፣ ባለ ቢጫው ቀሚስ እናቴ። ማያሚ ስንደርስ የእርስዎ ተራ ቀድሞ ተጠርቶ ወርደው ነበር። ቀሚሱን ይዘን ክፍልዎ ድረስ ብንሮጥ በሩ ክፍት፣ አልጋው ተነጥፏል። እማዬ አጥባ ተኩሳ ቁምሳጥኗ ውስጥ ለብቻው ሰቅላዋለች። ሰው ሲጠይቃት "የጓደኛዬ ነው፣ አደራ ነው" ትላለች። ይህን ካነበቡ ይጻፉልን፤ እንልካለን። "አይ፣ ይሁንላት" ካሉም ይጻፉልን። ፈቃድዎን ሳትሰማ አልለብሰውም ብላለች።