ተቆጣጣሪው ተጠሪነቱ ለማን ነው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ስለ ኑክሌር ደህንነት ሲወራ ሁሉም የሚያነሳው ማሽኑን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ነው። የጃፓኑን የፉኩሺማ ኑክሌር ጣቢያ እንይ። በ2008 እ.ኤ.አ. ጣቢያውን የሚያስተዳድረው ኩባንያ የራሱ ስሌት ሱናሚ ከ15 ሜትር ሊበልጥ እንደሚችል አሳይቶ ነበር። ጣቢያው የተዘጋጀው ግን ለ6 ሜትር ገደማ ነበር። መጠባበቂያ ጄኔሬተሮቹም አብዛኞቹ ምድር ቤት ነበሩ! በ2011 የሱናሚው ውሃ ሲገባ ቆሙ፤ ማቀዝቀዣው ኃይል በማጣቱ የ3 ሪአክተሮች (የኑክሌር ማብላያዎች) ነዳጅ ቀለጠ።

ተቆጣጣሪው ያኔ የት ነበር? ኑክሌርን በሚያስፋፋው ሚኒስቴር ሥር። አለቃውን ማን ደፍሮ ይቆጣጠራል? የጃፓን ፓርላማ አጣሪ ኮሚሽን አደጋውን ሰው ሠራሽ ሲል አንዱ ምክንያቱ ይኸው ቅርበት ነበር። ነጻ ተቆጣጣሪ የተቋቋመው በ2012 ነው፤ ከጥፋቱ በኋላ።

አገራችንም የኑክሌር ጣቢያ ልትገነባ አስባለች። ተቆጣጣሪው ተጠሪነቱ ለማን እንደሚሆን ጋዜጣችሁ ከአሁኑ ይጠይቅልን።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ