የመጨረሻዋን ሜዲቺ ረሳችኋት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

የጣሊያኗን ከተማ ፍሎረንስን ይገዛ ስለነበረው የሜዲቺ ቤተሰብ ያወጣችሁት ጽሑፍ ጥሩ ነው። ግን የጥበብ ደጋፊውን ሎሬንዞ ሜዲቺን ስታሞግሱ የቤተሰቡን የመጨረሻ ወራሽ አና ማሪያ ሉዊዛን ጭራሽ ዘለላችኋት። ወንድሟ ታላቁ መስፍን ጃን ጋስቶኔ በ1737 (በፈረንጆቹ) ያለ ልጅ ሲሞት ፍሎረንስ ያለችበት ግዛት ቶስካና ሎሬን ለተባለው የመሳፍንት ቤተሰብ አለፈች። እሷም በዚያው ዓመት ከአዲሱ ገዢ ጋር ተዋዋለች። የቤተሰቡ ሥዕል፣ ሐውልትና መጻሕፍት ለእሱ ይተላለፋል፤ ግን ከፍሎረንስ ንቅንቅ አይልም። ምክንያቱን ውሉ ላይ አስፍራለች፦ ለአገር ጌጥ፣ ለሕዝብ ጥቅም፣ የውጭ ሰው ለመሳብ። ቱሪዝምን ያኔ አስባው ነበር ማለት ነው! ፍሎረንስ ያለው የኡፊዚ ሙዚየም ዛሬ በሀብት የተሞላው በዚህ ውል ነው። የሌላዋ የጣሊያን ከተማ የማንቱዋ መስፍኖች ጎንዛጋዎች ግን ምርጥ ሥዕሎቻቸውን ለእንግሊዙ ንጉሥ ለቀዳማዊ ቻርልስ ቸበቸቧቸው።

አንባቢያችሁ