እጅህ አልነበረም

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔም እናቴም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ብርዱ ግን ያው የምታውቀው ነው። ዛሬ ጠዋት ደጅ ያደረው የባልዲ ውሃ በረዶ ሠርቶ አገኘሁት። «የአሜሪካን ሚኒሶታ የለመደ ሰው ይሄንንም ብርድ ይለዋል?» እንዳትለኝ። እዚያ ቤት ውስጥ ማሞቂያ አለ። እዚህ ያለው ጋቢና ከሰል ነው።

አራት ዓመት ሙሉ ዝም አልኩህ። ሰበብ አልደረድርም። መጀመሪያ አኮረፍኩ፣ ቀጥሎ አፈርኩ፣ ከዚያ ዝምታው ራሱ እየከበደኝ ሄደ። አሁን ብዕር ያስነሳኝ እዚያ በቀስት ስታድን የሳትከው የዚያ አጋዘን ጉዳይ ነው።

25 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ጎኑን ሰጥቶህ ቆሞ ነበር። ነፋስ የለም። ለቀቅክ። ፍላጻው ወደ ግራ ሸሽቶ በደረቱ ፊት አለፈና ቅጠል ውስጥ ተሰካ። ማታ ቡና ላይ ሰው ሁሉ ባለበት «እጁ ተንቀጥቅጦ ነው» አልኩ። ተሳቀብህ። አንተ «የሸሸው ፍላጻው ነው» አልክ። ፍላጻዎቹን የሠራሁልህ እኔ ነኝና ይሄን መስማት አልፈለግኩም። የሳተውን ፍላጻ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥክልኝ፤ «እንካ፣ ያንተው ነው» ብለህ ወጣህ።

ያንን ፍላጻ ሻንጣዬ ውስጥ ይዤው መጣሁ። ከዚያው ደርዘን ለናሙና ያስቀረሁት አንድ ደህና ፍላጻም አብሮ ነበር። ቀስቴን እዚያው ሸጬዋለሁ። እናቴ ደህናውን የጓዳ መጋረጃ መስቀያ አድርጋው ኖሯል! ባለፈው ወር መጋረጃው ሲታጠብ አየሁትና ያ ነገር እንደ አዲስ ቆጠቆጠኝ። ሁለቱን ለምን አላስተያያቸውም አልኩ።

መጀመሪያ ወርቅ ሠሪ ጋ ወሰድኳቸው። ሰውየው ቀለበት የሚመዝንበት ሚዛን ላይ ፍላጻ ሲጋደምበት ሳቀ። ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት የመለማመጃ ጫፍ አስገብቼ ነበር። ደህናው 26.1 ግራም፣ ያንተው 26.4። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ከባድ ፍላጻ ቀስ ይላል፣ ቀስ ሲል ቶሎ ይወርዳል። ያንተ ቀስት ፍላጻን በሴኮንድ 80 ሜትር ገደማ ነበር የሚወረውረው። በዚያ ፍጥነት 0.3 ግራም 25 ሜትር ላይ የምታመጣው ልዩነት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ልዩነቱ አራት እጥፍ ይሆናል እንጂ እዚያ ቅርበት ላይ ምንም አይደለም። የአጋዘን ልብና ሳንባ የሚያርፍበት ቦታ ደግሞ የእንጀራ ባይሆንም የሾርባ ሰሃን ያህል ይሰፋል። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ። «ይኸው፣ እጁ ነበር» አልኩ።

ግን አላስቻለኝም። ፍላጻ ሲለቀቅ ቀጥ ብሎ አይደለም የሚወጣው፤ እንደ ዓሣ እየተጣጠፈ ነው። ከቀስቱ ጉልበት ጋር የማይስማማ ከሆነ፣ ማለትም በጣም ከለሰለሰ ወይም ከደረቀ፣ ወደ ጎን ይሄዳል። ፋብሪካዎቹ ይሄን የሚለኩት 28 ኢንች በተራራቁ ሁለት ድጋፎች ላይ አጋድመው፣ መሐሉ ላይ 880 ግራም አንጠልጥለው ነው። እኔም ግቢ ውስጥ ብሎኬት ደረደርኩ። ባለ ሱቁ ስኳር በፌስታል 880 ግራም መዘነልኝ። ሁለቱም ግማሽ ኢንች ረገቡ። እኩል! ላባዎቹንም አየሁ። የቀኝ ክንፍና የግራ ክንፍ ላባ አንድ ፍላጻ ላይ ከተቀላቀለ አዟዟሩ ይበላሻል፤ አልተቀላቀለም። ስኳሩን እናቴ ለሻይ ወሰደችው።

ነገሩን የፈታው አጎቴ ነው። ከአንኮበር በኩል ለዝክር መጥቶ ነበር። ሞፈርና ቀንበር እንደሚጠርብ ታውቃለህ። ያንተን ፍላጻ አንስቶ አንድ ዓይኑን ጨፈነና ሞፈር እንደሚያይ አየው። «ይሄ ምንድነው?» አለ። ነገርኩት። «እንግዲያ ስለቱን ግጠምበት» አለ። ሦስት ምላጭ ያለውን፣ ያን ቀን የተኮስክበትን የአደን ጫፍ አምጥቼ አጠበቅኩበት። ሁለት አውራ ጣቶቹ ጥፍር ላይ አጋድሞ በሌላው ጣቱ አሽከረከረው። ግንዱ ጸጥ ብሎ ይዞራል። ጫፉ ግን አየር ላይ ክብ ይሠራል፤ የምስር ፍሬ የምታክል ክብ።

«ግንዱ ደህና ነው። አንገቱ ላይ ጠሟል» አለና መለሰልኝ።

መሬት ሲመታ ጠሞ ይሆናል ብዬ ተከራከርኩት። እሱ ግን የግንዱን አፍ በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገና «አቆራረጡ ሰያፍ ነው» አለ። በማጉያ መነጽር አየሁት። እውነቱን ነው። ጫፉ የሚጠለፍባት የብረት ቁራጭ በአንድ ወገን ከግንዱ ጋር ገጥማለች፣ በሌላው ወገን ክፍተቱን ማጣበቂያ ሞልቶታል።

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ከደርዘኑ ዘጠኙን እሠራበት በነበረው የቀስት ሱቅ ውስጥ በሚሽከረከረው መቁረጫ ቆረጥኳቸው። ሦስቱ ሳይቆረጡ ሱቁ ተዘጋ። አንተ ደግሞ በማግስቱ ማለዳ ትፈልጋቸዋለህ። ቤት ወስጄ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ በብረት መጋዝ ቆረጥኳቸው። ግንዳቸው ካርቦን ነው፤ ካርቦን ደግሞ እንደዚያ አይቆረጥም። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ይባላል፤ ሠሪው ግን እኔው ነበርኩ!

«ታዲያ ልምምድ ላይ ለምን አልታየም?» ትለኝ ይሆናል። የመለማመጃው ጫፍ ድቡልቡል ስለሆነ ነዋ። ትንሽ ቢጣመምም አየር የሚይዝበት ነገር የለውም፣ ኋላ ያለው ላባ ያርመዋል። ያ የአደን ጫፍ ግን ምላጮቹ ፊት ላይ እንዳለ ክንፍ ናቸው። ጠማማ ከሆነ ፊቱ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል፣ ላባው ወደ ሌላ። ከሁለቱ ማን እንደሚያሸንፍ አይታወቅም። አንድ ወር ሙሉ በመለማመጃው ጫፍ መዳፍ በምታክል ቦታ ስትሰካ አይቼሃለሁ። እጅህ ምንም አልነበረበትም። ለሱቁ ደንበኛ ሁሉ «ከአደን በፊት በአደኑ ጫፍ ተኩሳችሁ እዩ» የምል ሰውዬ፣ ላንተ ሳልነግርህ ቀረሁ። ይቅርታ አድርግልኝ። ቡና ላይ የነበሩትም እንዲሰሙ ይሄን ደብዳቤ ብታነብላቸው ደስ ይለኛል። ይሳቁብኝ።

አሁን ወደ አስቸኳዩ ነገር ልምጣ። ከሦስቱ አንዱ እኔ ጋ ነው። ሁለቱ ካልጣልካቸው አንተ ጋ ናቸው። የቀስት አደኑ በእኛ አቆጣጠር እስከ ታኅሣሥ 22 ነውና ይዘሃቸው ትወጣ ይሆናል። ከላባው በታች ቢጫ ቀለበት የቀባሁባቸው ደህና ናቸው። እነዚያን ሦስቱን ለመቀባት ጊዜ አላገኘሁም፣ ስለዚህ ቀለበት የሌለውን ፈልግ። የአደኑን ጫፍ አጥብቅበትና እንደ አጎቴ ጥፍርህ ላይ አሽከርክረው። ጫፉ ከተንቀጠቀጠ ለአደን አትውሰደው። ሁሉንም ደግሞ ለጠጥ እያደረግክ ጆሮህን ስጥ። የሚንጣጣ ድምፅ ከሰማህ ቶሎ ስበረውና ጣለው። የተሰነጠቀ ካርቦን ሲለቀቅ ተሰባብሮ እጅ ውስጥ ይገባል።

ስልኬ አልተቀየረም። ስድብም ቢሆን ላክልኝ። እናቴ ሰላም ብላሃለች። ደህናውን ፍላጻ መጋረጃዋ ላይ መልሼላታለሁ።

ያንተው ጓደኛ