ጠፋሁብሽ አይደል

እህትዬ እንዴት ነሽልኝ? ልጆቹስ? ለፋሲካ የላክሽልኝን ቮይስ ሰምቼ ማታ እመልሳለሁ እንዳልኩ ይኸው ሌላ ፋሲካ መጣ፣ ብትኮርፊም እውነትሽን ነው።

እኔ ያው ፊዚክሴ ላይ ነኝ። የኤክስቴንሽን ልጆቼ ቅዳሜ ብቻ በአካል ይመጣሉ፣ ሌላው በኦንላይን ነው። በ2012 መጋቢት ላይ በኮሮና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቴሌግራም ላይ ፒዲኤፍ እየወረወርን "አስተማርን" ስንል ትዝ ይልሻል? ማን ከፍቶት! ዙም ይሻላል ብዬ ሞከርኩ፣ እሱም ነጻው 40 ደቂቃ ሲሞላ ያባርርሻል፣ ካሜራ ሁሉም ያጠፋል፣ "ገባችሁ?" ስል ጭጭ፣ ከጥቁር ሳጥን ጋር የማወራ እብድ መሰልኩልሽ። አልፈርድባቸውም ደግሞ፣ ዳታው ከኪሳቸው ነው።

አንድ ማታ ሲሰለቸኝ የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ፖል (መልሱን ነክተው የሚመርጡበት ጥያቄ) ለቀቅኩ፤ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ጫፍ ላይ ሲደርስ አክስለሬሽኑ (ፍጥነቱ የሚለወጥበት መጠን) ስንት ነው? ማን ምን እንደመረጠ አይታይም፣ መንካት ብቻ ነው። ክፍል ውስጥ እጅ የሚያወጡት ሁሌ እነዛው 3 ልጆች ናቸው፣ ያን ማታ ግን ከ38ቱ 35ቱ መለሱ! አብዛኞቹ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ዜሮ። ፍጥነቱ ዜሮ ሆነ ብለው እኮ ነው፣ ስበቱ ግን እዛም በ9.8 ወደ ታች እየሳበው ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሸውደውኛል ለካ።

ግን አንቺም ኬሚስትሪሽ ላይ ስትሞክሪው ኩዊዝ የሚለውን እንዳትመርጪ፣ ገና ሲነኩት መልሱን ያጋልጠዋል፣ ተራውን ፖል አድርጊው። እኔም መልሱን ሳልናገር "ለምን እንደዛ እንዳላችሁ በቮይስ፣ ከ30 ሰከንድ እንዳይበልጥ" አልኳቸው። አንዷ ታክሲ ውስጥ ሆና፣ ረዳቱ ከኋላ "ሜክሲኮ ሜክሲኮ" እያለ፣ "ቲቸር ዜሮ ቢሆንማ እዛው ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር" ብላ ላከች። በቃ! እኔ በ9.8 እና በቀስት ስደክም የኖርኩትን። ቅዳሜ ክፍል ውስጥ እርስ በርስ አከራክሬ ድጋሚ ሳስመርጣቸው ዜሮ ያለው ጥቂት ሰው ነው።

አዲስ ነገር የፈጠርኩ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ሀርቫርድ ያለው የፊዚክስ ፕሮፌሰር ኤሪክ ማዙር እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ሲያደርገው ኖሯል፣ ማስመረጥ፣ ማከራከር፣ እንደገና ማስመረጥ። ያኔ ቴሌግራም የት ነበረና።

አሁን የጥያቄ ድርቅ መታኝ። ከኬሚስትሪሽ ልጆቹ ሁሌ የሚሳሳቱባትን አንዷን ላኪልኝማ፣ ኬሚስትሪ ለሚያስተምሩ ጓደኞቼ እሰጣታለሁ። በቮይስም ቢሆን ላኪ፣ ዘንድሮ እመልሳለሁ።